ጋላክሲ በይመር ማሽላ ማሳ

ዕድሜ ሲገፋ ሁለት ነገር አብሮ ይጨምራል፤ ሽንት ቤት መመላለስና ጥርጣሬ። ለመጀመሪያው ሐኪሙ ኪኒን ሰጥቶኛል፤ ለሁለተኛው እስካሁን የተገኘ ነገር የለም። ወተት ስገዛ ውሃ ገብቶበታል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ባጃጅ ስሳፈር ዙሪያ ጥምጥም ሊወስደኝ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሰው ደህና አድርጎ ሰላም ካለኝ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው እያልኩ ራቴን ሳልጨርስ እነሳለሁ። ባለቤቴ ደብሪቱ፣ "አንተ እኮ ጨረቃንም ብትሆን መታወቂያ ሳታስወጣ አታሳልፍም" ትለኛለች። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር ወዳጄ ይመር ደጄ ላይ ቆሞ፣ "ሽፈራው፣ ባለ ሦስት እግር ይዘናል" ሲለኝ፣ ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ። የምጠረጥረው አዲስ ነገር ተገኘ።

ይመር ከወጣትነት ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ማሽላና ማሾ ያርሳል፤ በመንደሩ ሽማግሌዎች መካከል ቃሉ ይሰማል። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ እሱ ግን እንደ ዘንግ ቀጥ እንዳለ ቀርቷል፣ እኔ የጃንጥላ እጀታ ሆኛለሁ።

"ዕቃውን ነው የያዛችሁት ሰውየውን?" አልኩት።

"ዕቃውን ነው እንጂ ሰውማ እንዴት አድርገን! ሴት ልጅ ናት። የእንድሪስ ልጅ፣ አስተማሪዋ ሰዓዳ።"

"የልብስ ሰፊው የእንድሪስ?"

"የሱው። አላህ ይዘንለት፣ ይሄን ሳያይ ሄደ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓዳ ማታ ማታ በባጃጅ እየመጣች፣ ከይመር ማሽላ ዳር ወፍራም ቱቦ በሦስት እግር አቁማ፣ ግንባሯ ላይ ቀይ መብራት አስራ ትቀመጣለች። ማሽላ ጠባቂዎቹ ከማማቸው ላይ ሆነው አዩዋት፤ ተማከሩ፤ "መሬት ልታስለካ ነው" ብለው ቱቦውን ከነእግሩ ወስደው ይመር ጎተራ ውስጥ አስቀመጡት። ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀምጦ ይወስናል፤ ወይ ይመለስላታል፣ ወይ ወደ በላይ አካል ይተላለፋል። ወደ በላይ የተላለፈ ዕቃ እንዴት እንደሚመለስ ይመር በአፉ አልነገረኝም፤ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ ጣቶቹን በተናቸው። ዕቃው ደግሞ የሷ አይደለም። አዲስ አበባ ያሉ ኮከብ የሚወዱ ሰዎች አውሰዋት፣ ፈርማ ያመጣችው ነው። ከዕቃውም የባሰ ነገር አለ፤ "መሬት አስለኪ" የሚል ስም የወጣላት አስተማሪ የእነዚያን ገበሬዎች ልጆች ነገ ጠዋት እንዴት አድርጋ ታስተምራለች?

የሦስት እግርን ታሪክ የማያውቅ ሰው በገበሬዎቹ ሊስቅ ይችላል። እኔ አልሳቅኩም። በእኛ ቆላ ባለ ሦስት እግር ነገር መጥቶ በደህና የሄደበት ጊዜ የለም። መጀመሪያ ሦስት እግር ይቆማል፤ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በመነጽር ያያል፤ ቀጥሎ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይመጣል፤ ከዚያ ችካል፤ ከዚያ ወረቀት። ወረቀቱ የመጣ ዕለት ማሳው የሌላ ሰው ሆኗል። አንዴ ለመንገድ፣ አንዴ ለእርሻ ድርጅት፣ አንዴ ለመስኖ ቦይ። ሹማምንቱ ይለዋወጣሉ፤ ሦስቱ እግር ያው ነው።

እኔም ብሆን ኑሮዬን ያቆምኩት በሦስት እግር ነው። ያኔ ፎቶ ቤቴ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነበር፤ ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። አውቶቡሱ ብርዳሙን ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ መንገደኛው ሹራቡን፣ ካፖርቱን አንድ በአንድ እያወለቀ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። እኔ ደግሞ ተቀብዬ ኮት አለብሰዋለሁ። በዚያ ሙቀት! አንድ ጥቁር ኮት፣ ላስቲክ ያላት አንዲት ቀይ ከረባት፣ ጥርሷ የተሸራረፈ ማበጠሪያና አንድ ጣሳ ቫዝሊን ነበረኝ፤ ከቀወት እስከ ማጀቴ ያለው ጎልማሳ በሙሉ በዚያች ከረባት ነው መታወቂያ ያወጣው። ከጀርባ ባሕር የተሳለበት ሸራ አለ። ሠዓሊው ባሕር አይቶ ስለማያውቅ መርከቧን ከዘንባባው አናት በላይ አስቀምጧታል፤ ቅር ያለው ደንበኛ አልነበረም። አራት ጉርድ ፎቶ በሁለት ብር፣ ሙሉ ቁመት ብር ከሃምሳ፤ ጉንጭና ከንፈር በቀለም ከተቀባ ስሙኒ ይጨመራል። ከጎኔ የእንድሪስ የስፌት መኪና ስትንደቀደቅ ትውላለች። ከማዶ ሻይ ቤቱ አንዱን ካሴት አዙሮ አዙሮ ያጫውታል፤ ዘፋኙ ጥላው የሄደችውን ልጅ ጎን ሀ ላይ ይለምናታል፣ አሳላፊው ይገለብጠዋል፣ ጎን ለ ላይ ደግሞ ይለምናታል። እኔ በአፍሮና ወለሉን በሚጠርግ ቦላሌ በሩ ላይ ተደግፌ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥራለሁ። ያን ቦላሌ ዛሬ ቢያመጡልኝ ሁለቱም እግሬ በአንዱ በኩል ይገባል።

ከይመር ጋር የተዋወቅነውም በዚያው ቦላሌ ነው። ሰርግ ላነሳ መንደራቸው ወርጄ ካሜራዬን በሦስት እግሩ ሳቆም፣ ሽርጥ ያገለደመ ረጅም ጎረምሳ መጥቶ አንዴ አየኝ፣ አንዴ ማሳውን አየ፣ ከዚያ ካሜራዬን ከነእግሩ ተሸክሞ ማሽላው ውስጥ ገባ። ተከትዬው ሮጥኩ። ቦላሌው ቁርቁራ እሾህ ላይ ቀረ፤ እኔ ቀጠልኩ። ያስታረቁን እናቱ ናቸው። "አንተ ጅል፣ መሬት የሚለካ ሰው ሙሽራዋን ፀጉርሽን አበጥሪ ይላል?" አሉት። እውነትም አበጥሪ ብዬ ነበር። የዚያን ዕለት ይመርን አነሳሁት፤ ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ካሜራውን ሊመታው የተዘጋጀ መስሎ ነው የወጣው። አሁንም እቤቱ ተሰቅሏል።

ቀዩ አምፖል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ፊልም የማጥበው ከበስተኋላ ባለችው ጨለማ ክፍል፣ በቀይ አምፖል ነው፤ ቀይ መብራት የሚሰቅሉ ቤቶች ምን እንደሚሸጡ ደግሞ ያኔ ሕፃንም ያውቃል። ደብሪቱን ለማግባት ሽማግሌ በላክኩ ጊዜ እናቷ፣ "አጣርቻለሁ። በፊት በር ሴቶች ፀጉራቸውን ተበጥረው ይገባሉ፤ ከኋላ ቀይ መብራት አለ፤ ወንዶቹ ከረባት እያወለቁ ይወጣሉ" ብለው መለሷቸው። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አስገብቼ፣ ነጩ ወረቀት የመድኃኒቱ ዝፍዝፍ ውስጥ ገብቶ የራሳቸው ፊት ቀስ እያለ ሲወጣ እስኪያዩ ድረስ አላመኑም። ካዩ በኋላ "ይሄስ መተተኛ ነው" አሉ። ከዚያኛው መተተኛ ይሻላል ብለው መሰለኝ ልጃቸውን ሰጡኝ።

እና ይመር፣ "ፎቶ ነው የማነሳው ትላለች፤ አንተ የሙያው ሰው ነህ፣ እይልንና ቅዳሜ ተናገር" ሲለኝ፣ ራሴን አስቀድሜ ጠረጠርኩ።

"ብታታልለኝስ?"

"አንተን? ሰላሳ ዓመት ሰው ስታታልል የኖርከውን? ስንቱን ጥርስ የሌለው ሰው ጥርስ አውጥተህለት!"

ሰዓዳ በማግስቱ መጣች። የአባቷ ግንባር፣ የአባቷ አነጋገር፤ ቃሉን ለክታ ነው የምትቆርጠው።

"ጋሼ፣ የማነሳው ጋላክሲ ነው። ጠመዝማዛ ነው፤ አንድሮሜዳ ይባላል። እኛ ያለንበት አይነት ሌላ የከዋክብት መንጋ ማለት ነው።"

"የማን ነው?"

"የማንም አይደለም።"

"ማን ይከፍልሻል?"

"ማንም።"

ይሄ ይባስ አስጠረጠረኝ። ስልኳን አውጥታ እስካሁን የሠራችውን አሳየችኝ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መሃሉ የሚያበራ፣ ዙሪያውን ክንዶቹ የተጠመዘዙ፣ በክንዶቹ መካከል ጥቁር ጥላ የገባበት፣ እዚህም እዚያም ሮዝ ነጠብጣብ የተነካካበት።

"ማን ቀባው?" አልኳት።

"አልተቀባም ጋሼ!"

"ልጄ፣ በዚህ ሮዝ እኔ የቀወትን ሙሽሮች ጉንጭ በሙሉ ቀብቻለሁ። ብሩሹን ሳይቀር አውቀዋለሁ።"

"ቀለሙን ካሜራው ነው ያገኘው፤ እኔ ጎላ እንዲል አደረግኩት እንጂ። ደግሞ አንድ ፎቶ አይደለም፤ ብዙ ፎቶ ተደራርቦ ነው።"

"ተደራርቦ!" አልኩ፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው። መደራረብማ የኔ ሙያ ነው። ባልየው አሰብ ወደብ፣ ሚስትየዋ ሮቢት፤ በመቀስና በሙጫ ትከሻ ለትከሻ አስቀምጫቸዋለሁ። "በይ፣ ነጋቲቩን አሳዪኝ።"

"ነጋቲቭ የለውም። ጥሬው ግን አለ፤ ዕቃውን፣ ቴሌስኮፑን፣ ለአንድ ማታ ከለቀቁልኝ ፊትዎ አነሳዋለሁ።" ቀጥላ ብርሃኑ ከዚያ ተነስቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት ነገረችኝ።

"እንግዲያው ጉርዱ ጊዜው አልፎበታል" አልኳት። "ከስድስት ወር ወዲህ የተነሳሽውን አምጪ ነው የሚሉት፤ የትኛውም መሥሪያ ቤት አይቀበልሽም።"

ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን ተጠርጣሪ ፊት አይሳቅም።

ሐሙስ ማታ፣ መግሪብ እንደተሰገደ፣ ሁለት ጠባቂዎች ቱቦውን ተሸክመው አመጡላት። ትንኙ እንደ ጉድ ነው። ሦስቱን እግር አቆመች፣ ቱቦውን ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማጀቴ አዘንብላ አቀናችው፣ ፈለገች፣ ተሳደበች፣ አገኘች። "ይዩ ጋሼ።" ጎንበስ አልኩ። ወገቤ ጮኸ። አየሁ። ምንም የለም። ቆይቶ ቆይቶ፣ አንድ ሰው ብርድ ላይ ተንፍሶ የሄደ የምትመስል ነጭ ጉም።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"ክንዷስ?"

"ዓይን ብቻውን አይበቃውም። ካሜራው ግን ታግሶ ያጠራቅማል።"

ካሜራውን ገጠመች፤ አነሳች፤ ጥሬውን አሳየችኝ። እንዴት ያለ አስቀያሚ ፎቶ መሰላችሁ! ግራጫ፣ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል፣ አንድ አውሮፕላን በመሃሉ መስመር አስምሮበት ያለፈ፣ እዚያ መሃል ያቺው ትንፋሽ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ብሰጠው ኖሮ ካሜራዬን ይሰብረው ነበር። እና እዚያው ላይ፣ ሳልወድ በግድ፣ ማመን ጀመርኩ። አታላይ ሰው አስቀያሚ አይሠራም። እኔ ራሴ አንድም ቀን አስቀያሚ ውሸት ሠርቼ አላውቅም።

ሆኖም ጥርጣሬ በአንድ ማታ አይለቅም። ፎቶውን የያዘችውን ትንሿን ካርድ ተቀብዬ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ሰዓዳ ኮምፒውተሯን ይዛ ስትመጣ ካልሲው እግሬ ላይ ነበር፤ ካርዷን በሁለት ጣቷ ይዛ ተቀበለችኝ። ደብሪቱ፣ "ኮከቡስ እሺ፣ ያንተን እግር ምን ቢያሳይ ነው?" አለች። ሰዓዳ ጥሬዎቹን ደረደረች፣ አንዱን በአንዱ ላይ ማሳረፍ ጀመረች፣ እያሳረፈችም አስረዳችኝ። ያ ጤፍ የመሰለው ነጠብጣብ የካሜራው የራሱ ወሬ ነው፤ በየፎቶው ቦታውን ይቀያይራል። የኮከቡ ብርሃን ግን ስንት ጊዜ ብታነሳው እዚያው ነው። ሲደራረብ የሚቀያይረው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የማይቀያይረው ይጎላል። እያየሁ ግራጫው ጸዳ፤ አውሮፕላኑ ጠፋ፤ መሃሉ በራ፤ ከዚያ ከወዲህ ጥቁር ጥላ፣ ከወዲያ አንድ ክንድ... ሻዬ ቀዘቀዘ። ደብሪቱ ከኋላዬ ቆማ "እናቴ ብታየው መተት ነው ትል ነበር" አለች።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ወርካው ሥር ተቀመጡ። ሰዓዳ ሻሽ አስራ ራቅ ብላ ቆመች። መጀመሪያ ቆንጆውን ፎቶ በስልኳ እየተቀባበሉ አዩት፤ ፊታቸው ጠቆረ። አንዱ "ሥዕል ነው" አለ። ሌላው "አሁን እኮ መሬት የሚለካው በሰማይ ነው፤ ሳተላይት ነው የምታነጋግረው" አለ። ይመር ወደ እኔ ዞረ።

"ሽፈራው፣ ፎቶ ነው?"

"ቆንጆዋን ፎቶ አትመኑ" አልኩ። ሰዓዳ ደንግጣ አየችኝ። "እኔም አላመንኳትም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ምስክር ስትሰሙ እንዴት ነው የምትሰሙት?"

"ለየብቻ ነዋ" አለ ይመር። "አንዱን ቁርቁራው ሥር፣ አንዱን ከአጥሩ ኋላ። አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ።"

"ለምን?"

"የሚዋሸው ውሸቱ ይለያያላ። እውነቱ ግን ከሁሉም አፍ አንድ ሆኖ ይወጣል።"

"እንግዲያው ይቺም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ሰማዩን ለየብቻ ደጋግማ ጠየቀችው። ፎቶው ሁሉ በየፊናው ቀባጠረ፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ ሁሉም ተስማሙ። ቆንጆዋ የተስማሙበት ናት። ጥሬው ምስክር ደግሞ ይሄውና" ብዬ አስቀያሚው ያለበትን ስልክ አስያዝኳቸው።

ዞረ። አጉረመረሙ። ይመር ጋ ሲደርስ ግን እዚያው ቀረ። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ። "ይቺ ጉም" አላት ሰዓዳን፣ "የት ነው ያለችው? ከራስ በላይ፣ ትንሽ ወደ ማጀቴ?"

"አዎ ጋሽ ይመር።"

"ማሽላ ሲደርስ፣ ገና እንደመሸ?"

"አዎ።"

ሰዎቹ የእሱን አፍ እየጠበቁ ናቸው። በመጨረሻ ተነሳ፣ ሽርጡን አራገፈ፣ "ዕቃዋን ስጧት" አለ። "ከማሳዬ ዳር ትቆማለች። የሚጠይቅ ካለ ይመር ነው ያቆማት በሉ።" ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን የማልጠረጥር ሰው አይደለሁምና ተከተልኩት። ማሳው መሃል ቆሞ አገኘሁት።

"ያኔ የአሰብ ሹፌር ልሆን ነበር፤ ታስታውሳለህ? ጉርዱን አንተ ነህ ያነሳኸኝ።"

አስታወስኩ። ለመንጃ ፈቃድ ነበር፤ መጥቶ አልወሰደውም።

"ደሴ ዓይን ይመረመራል አሉኝ። እኔ ደግሞ ማማ ላይ ሳድር ሰማይ ላይ የተለቀለቀች ነጭ ነገር አያለሁ። ወንድሜን 'ይታይሃል?' ስለው 'ምኑ?' አለኝ። ዓይኔ ላይ ሞራ ወጣ አልኩ። ሐኪሙ ካየብኝ ይጥለኛል፣ አገር ሁሉ ይሰማል ብዬ ቀረሁ።"

"ለማንም ሳትናገር?"

"ለማን ልናገር? ዓይኑ የታመመ ሰው ማን ማማ ላይ ያወጣዋል?"

እኔ ወተቱን፣ ባጃጁን፣ ጨረቃዋን ስጠረጥር ነው የኖርኩት፤ ራሴን ግን እንዲህ አድርጌ አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። በዚህ ይመር በለጠኝ። አዛኝ ፊት ላሳየው ስሞክር፣ "አፍህን ዝጋ፣ ትንኝ ይገባል" አለኝ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሰዓዳ ቱቦዋን ከማሽላው ዳር ተከለች። ይመር ቀድሞ ቆሞ ነበር፤ ዱላውን ለእኔ አስያዘኝ። ጎንበስ አለ። መጀመሪያ በቀኝ ዓይኑ አየ። ቆየ። በግራው አየ። ደግሞ በቀኙ።

"ልጄ" አለ። "ይቺ ነገር እኔ ወጣት እያለሁም እዚሁ ነበረች?"

"ሰው ሳይፈጠርም ነበረች ጋሽ ይመር።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ "ክንዷ የት አለ? ለሽፈራው ያሳየሽውን ክንድ አሳዪኝ።"

ሰዓዳ አመነታች። ዙሪያውን በየማማው ሥር ጠባቂዎቹ ከርከሮ ለማባረር ያነደዱት እሳት ይንቦገቦጋል። "ለዓይን ክንዱ ያስቸግራል" አለች ቀስ ብላ፤ "እሳቱ ባይኖር ግን ጥላውን ትንሽ ያዩት ነበር። ለፎቶውም..." ቃሏን አልጨረሰችም።

ይመር ዓይኑን ከቱቦው ሳያነሳ ጮኸ። "እሳቱን አጥፉ!"

"ማነው?" አለ ከቅርቡ ማማ።

"ይመር ነኝ! አጥፉ!"

የቅርቡ ጠፋ። ቀጥሎ ያለው ጠፋ። ቃሉ ከማማ ወደ ማማ እየተላለፈ ሄደ፤ ጨለማውም ተከትሎት ማሳውን እያለበሰ እስከ ወንዙ ደረሰ። ከሩቅ አንድ ብቻ እሳት ቀረ፤ ከዚያ አንድ ጠርጣራ ድምፅ መጣ።

"ጋሽ ይመር! ከርከሮውስ?"

"ከርከሮውም አንጋጦ ይይ!"